የአቃቂው መርከብ ሠሪ

አቃቂ ላይ ቆሞ «ቅድመ አያቴ መርከብ ሠሪ ነበሩ» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ያለን ውሃ የአቃቂ ወንዝ ነው። እሱም ከክረምት ውጪ መርከብ ቀርቶ በርሜል አያንሳፍፍም። ባሕር የምንለው ነገር የድሮው ባቡር የሚጨርስበት ጅቡቲ ነው፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

እኛ ቤት ግን ነገሩ ጥያቄ ተነሥቶበት አያውቅም። አያቴ ለቅሶ ቤትም ሆነ ክርስትና ላይ የዘመድ ወሬ ሲነሣ ተራዋን ጠብቃ «የኔ አባት መርከብ ሠሪ ነበሩ፤ ምጽዋ ነው የቀሩት» ትል ነበር። ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ቡናው ይቀጥላል። ከአቃቂ የወጣ የጎጆ አናጢ ምን ተደርጎ መርከብ ሠሪ ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም። እሷ ካረፈች በኋላ ነው ነገሩ እኔን ይከነክነኝ የጀመረው።

ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው በስም ጀመርኩ። በስም ፍለጋ እኛ አገር ብዙ አያስኬድም። ስማችን ሦስተኛው ትውልድ ላይ ያልቃል። እኔ በአባቴ እጠራለሁ፣ አባቴ በአባቱ። የእናቴ እናት አባት ስም የኔ መታወቂያ ላይ የለም፤ የእናቴም ላይ የለም። በዚያ ላይ ቅድመ አያቴ አንድ ስም ብቻ አልነበራቸውም። የክርስትና ስም አላቸው፣ የዓለም ስም አላቸው፣ እናታቸው የሚጠሯቸው ስም አላቸው። ጣሊያን ጸሐፊ ከነዚህ አንዱን በላቲን ፊደል እንደሰማው ይጽፋል። እንግሊዙ ያንን ይገለብጣል። የኛው ጸሐፊ ደግሞ ወደ አማርኛ ሲመልሰው አዲስ ሰው ይወለዳል።

ሽማግሌ መጠየቅም እንደ ድሮው አይደለም። ዘር መቁጠር የኖርንበት ነገር ነው፤ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ዛሬ ግን አንድ አባት ጋ ሄዳችሁ «የአያቴ አባት ከየት ነበሩ የመጡት?» ብትሉ መጀመሪያ ፊታችሁን ነው የሚያዩት። ይቺ ልጅ መሬት ልትጠይቅ ነው? መታወቂያ ልታወጣ ነው? ወይስ ከጀርባዋ ፖለቲካ አለ? አልፈርድባቸውም። ይሄ ጥያቄ በዚህ ከተማ ዳርቻ ስንቱን ከቤቱ እንዳስነሣ አይተዋል።

ከስም ፍለጋው የተረፈኝ አንድ የውርስ ፋይል ነው። በጃንሆይ ጊዜ ቅድመ አያቴ ምጽዋ ላይ ሲያርፉ፣ እዚህ የቀሩት ሚስታቸው ቤቷን በስሟ ለማዞር ፍርድ ቤት ቀርባ ነበር። ምስክሮቹ በአውራ ጣት ፈርመዋል። ቃላቸው አጭር ነው፤ ሟቹ ባሕር ኃይል ግቢ ውስጥ በሠራተኛነት ይኖሩ እንደነበር ይናገራል። ወታደር ነበሩ አይልም። መርከብ ይሠሩ ነበርም አይልም። ሠራተኛ፣ በቃ። እናንተም የምትፈልጉት ሰው ካለ ምክሬ ከፋይሎች ሁሉ የውርስ ፋይልን አስቀድሙ ነው። ሰው በሕይወት እያለ የማይጽፈውን ዘመድ ሁሉ፣ ውርስ ሲመጣ አንድም ሳይቀር ይመዘግበዋል።

ሌላው ፎቶው ነው። ቁምጣ የለበሱ፣ ራሳቸው ላይ ጨርቅ የጠመጠሙ፣ እጃቸው ላይ ዘንግ የያዙ ቀጭን ሰው ቆመዋል። ከኋላቸው ጥቁር ግድግዳ አለ። የወረቀቱ ጀርባ ላይ የፎቶ ቤት ማህተም አርፎበታል፤ ከደበዘዘው ቀለም የሚነበበው ምጽዋ የሚለው ብቻ ነው። ቤተሰቡ «ቤታቸው በር ላይ ሆነው የተነሡት» ይለዋል።

አንድ ቀን ቱሉ ዲምቱ መንገድ ዳር ካለ ብረታ ብረት ቤት የላሜራ በር ላሠራ ገባሁ። የምኖረው እዚያው ኮንዶሚኒየም ነው። ዋጋ ስንከራከር ቆይተን፣ ስለ በሩ ከስልኬ ሥዕል ላሳየው ስፈልግ የቅድመ አያቴ ፎቶ መጣ። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስልኩን ተቀበለኝና አሰፋው።

«ማናቸው?»

«ቅድመ አያቴ። ቤታቸው በር ላይ ናቸው።»

«እህቴ፣ ይሄ ቤት አይደለም» አለኝ። «እነዚህን ነጠብጣቦች አየሻቸው? ሪቬት ናቸው፣ ብረትን ከብረት የሚያያይዝ ምስማር። ሁለት ረድፍ ሆነው፣ እኩል እኩል ተራርቀው። ግድግዳ እንዲህ አይመታም። ደግሞ ከታች ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ግድግዳ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ወይ ትልቅ ታንከር ነው፣ ወይ መርከብ።»

ልጁ መርከብ አይቶ አያውቅም። ብረት ግን ሲያገላብጥ ነው ያደገው። ቤት ገብቼ ፎቶውን እንደገና ሳየው ያለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በሩን በነገረኝ ዋጋ አሠራሁ፣ ሌላ ክርክር አላነሣሁም።

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የመርከብ ገላ በአብዛኛው የሚገጣጠመው በሪቬት ነበር። ብየዳ የበላይነቱን የያዘው በጦርነቱ ጊዜ፣ መርከብ በጥድፊያ ማውጣት ግድ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከቅድመ አያቴ ጀርባ ያለው መርከብ የቆየ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ክፍል ነው። እሱ የመርከቡ ሆድ ነው፤ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ የሚኖረው። የመርከብ ሆድ አጠገብ በእግር መቆም የሚቻለው መርከቡ ከውሃ ከወጣ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስማቸውን መፈለግ ተውኩና ሥራቸውን መፈለግ ጀመርኩ። በዚያ ዘመን ምጽዋ ላይ መርከብ ከውሃ የሚወጣው የት ነበር? ማን ያወጣዋል? እዚያ ቦታ ላይ መጥረቢያና መጋዝ ብቻ የሚያውቅ የአቃቂ ሰው ምን ሥራ ያገኛል?

ይሄኛው ጥያቄ መልስ ሞልቶታል። ጣሊያኖች ምጽዋ ላይ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎች ነበሯቸው። ውስጡ ባዶ ክፍሎች ያሉት ግዙፍ የብረት መድረክ ነው። ክፍሎቹን ውሃ ሲሞሏቸው መድረኩ ይሰምጣል። መርከቡ በላዩ ላይ ይገባል። ከዚያ ውሃው በፓምፕ ሲወጣ መድረኩ መርከቡን ተሸክሞ ቀስ እያለ ይነሣል። ሠራተኛው ታች ወርዶ ሆዱን ያገኘዋል።

ምጽዋ በእንግሊዞች እጅ የወደቀችው መጋቢት 30 ቀን 1933 ነው፤ ጃንሆይ አዲስ አበባ ከመግባታቸው ወር እንኳ ሳይሞላ በፊት። ጣሊያኖች ወደቡን እንዲሁ አላስረከቡም። መርከቦቻቸውን በገዛ እጃቸው አሰመጡ፣ መግቢያዎቹን ዘጉ፣ መጠገኛዎቹንም በቦንብ ነድለው ወደ ታች ሰደዷቸው። በ1934 ኮማንደር ኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚባል አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኮንን መጣ። የሰመጠ ነገር በማውጣት የታወቀ ሰው ነው። አይነሣም ተብሎ የነበረውን ትልቁን መድረክ፣ ክፍሎቹ ውስጥ የታመቀ አየር እየነፋ በዘጠኝ ቀን አንሳፈፈው። እጁ ላይ የነበረው የሰው ኃይል ድብልቅ ነበር፦ ኤርትራውያን፣ ሱዳናውያን፣ አረቦች፣ የተማረኩ ጣሊያናውያን።

ጥድፊያው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ክረምት የጀርመን ጦር ግብፅ ውስጥ ገብቶ እስክንድርያን አስግቷት ነበር። የእንግሊዝ የሜዲትራንያን መርከቦች የሚጠገኑት እዚያ ነው። እዚያ ካልተቻለ ትልልቆቹ እስከ ደቡብ አፍሪካ ደርባን መውረድ ሊኖርባቸው ነው። ምጽዋ አዳነቻቸው። ዳይዶ የተባለችው የጦር መርከብ ስትመጣ ከነበረው ተንሳፋፊ መጠገኛ ትበልጥ ነበር። የኋላዋን ብቻ አንሥተው፣ አፍንጫዋን ውሃ ላይ ትተው ጠገኗት። እህቶቿ ዩሪያለስና ክሊዮፓትራም ተከተሏት።

የጦር መርከቦቹ ስም እያንዳንዱ ተጽፏል፤ ሆዳቸውን የፋቀው ሰው ስም ግን የለም። የቀይ ባሕር ውሃ ሞቃት ነው። ቆሞ የሰነበተ መርከብ ሆዱ ላይ ሣርና ቅርፊት ያለው የባሕር ፍጥረት ይበቅልበታል፣ እንደ ድንጋይ ይጣበቅበታል። መርከቡ ይከብዳል፣ ይዘገያል፣ ነዳጅ ይበላል። ያንን የሚያነሣው ማሽን አልነበረም። ሰው ነው፤ ረጅም እጀታ ያለው መፋቂያ ይዞ፣ ቀና ብሎ፣ የሚረግፈው ሁሉ ፊቱ ላይ እየረገፈ። ፍቆ ሲጨርስ ይታጠባል፣ ይቀባል፣ ሌላው መርከብ ይገባል። ይሄ ሁሉ በምጽዋ ሙቀት፣ ጥላ ውስጥ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ የብረት ወለል ላይ።

ፎቶው ላይ ያሉት ሰው እጃቸው ላይ የያዙት ዘንግ ለካ ከዘራ አይደለም።

እዚያ እንዴት ደረሱ? እዚህ ላይ የቤታችን ሰው ድምፁን ይቀንሳል። አንዱ «ጣሊያን ወሰዳቸው» ይላል። ሌላው «ራሳቸው ናቸው የሄዱት» ይላል። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ከመንገድ ሥራ ጋር መሄዳቸውን ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን ከአስመራ የሚያገናኘውን መንገድ ሲሠራ፣ ጣርማ በር ላይ ተራራውን ሲበሳ፣ አናጢ ይፈልግ ነበር። ድልድይ ሲሞላ ሲሚንቶው እስኪደርቅ የሚይዘውን ጣውላ የሚገጥመው አናጢ ነው። ሥራው ወደ ሰሜን ሲሄድ እሳቸውም አብረው ሄዱ። ጣሊያን ሲሸነፍ ያሉበት ቦታ ላይ ቀሩ። ይኸው ነው።

ለጠላት መሥራት በእኛ ቤት በቀላሉ የሚነገር አይደለም። የአያቴ አጎት አርበኛ ነበር፤ የሱ ታሪክ ከነጎፈሬው ሳሎን ተሰቅሏል። የአባቷ ታሪክ «መርከብ ሠሪ ነበሩ» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተዘጋ። እኔ ግን ልፈርድባቸው አልችልም። የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ነበሩ። ካመረቱት ላይ ለባለመሬቱ ሰጥተው የተረፈውን ይበላሉ። በቀን የሚከፈል ገንዘብ ያዩት መጀመሪያ እዚያ መንገድ ሥራ ላይ ይመስለኛል። ከዚያ ለጣሊያን፣ ቀጥሎ ለእንግሊዝ፣ ቀጥሎ ለጃንሆይ ሠሩ። ባንዲራው ሦስት ጊዜ ተቀያየረ፣ መርከብ ግን መፋቁ አልቀረም።

ደግሞ ሁሉም ዘመን እኩል አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች የምጽዋን ወደብ መሣሪያና ሕንፃ እየነቀሉ አወጡ፣ ሸጡ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት ይሄን ድርጊት በጽሑፍ አጥብቃ ተቃውማለች። ቦታው ላይ ለነበረ የቀን ሠራተኛ ይሄ ማለት ሥራው ዓይኑ እያየ ተፈትቶ ሲሄድ ማየት ነው። ቅድመ አያቴ የዚያን ጊዜ ለምን እንዳልተመለሱ አያቴ ትቆጣ ነበር። «ያኔ እንኳ መምጣት ይችሉ ነበር» ትላለች። አልመጡም። በመስከረም 1945 ኤርትራ በፌዴሬሽን ተቀላቀለች፣ ትንሽ ቆይቶ የባሕር ኃይሉ ተቋቋመ፣ የኖርዌይ መኮንኖች ሊያሠለጥኑ መጡ። ግቢው ሠራተኛ ፈለገ። ፋይሉ ላይ ያለው «ሠራተኛ» የሚለው ቃል ከዚህ ነው የሚጀምረው።

ስለዚያ ግቢ የነገሩኝ ከኛ ብሎክ ሁለት አለፍ ብሎ ያሉ አንድ ጋሼ ናቸው። የድሮ ባሕረኛ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ከታች ሱቅ በር ላይ ይቀመጣሉ። «መርከብ ሠሪ ነበሩ» ስላቸው በጣም ነው የሳቁት።

«የኔ ልጅ፣ ምጽዋ ላይ የብረት መርከብ የሠራ ሰው የለም። የኛ መርከብ ሁሉ ውጪ ነው የተሠራው። እኛ እንፍቃለን፣ እንቀባለን፣ እንበይዳለን፣ የላላውን እናጠብቃለን። ትንንሹን ጎትተን እናወጣዋለን። ሠራን ካልሽ የሠራነው ይሄንን ነው።»

እውነታቸውን ነው። የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ» እንኳ በ1954 ከአሜሪካ ነው የመጣችው። የድሮ ስሟ ኦርካ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ነበር የተሠራችው። የሚያስቀው፣ የተሠራችበት ቦታ ሐይቅ ዳር ነው። እሷን ያበጁት ሰዎች እንኳ ባሕር ዳር አልቆሙም።

ጋሼ ስለ እንጨቱ ግን ሌላ ነገር ነገሩኝ። «አናጢ ከነበሩ ሳምቡክ ሠሪዎቹ ዘንድ ሳይውሉ አይቀሩም» አሉ። ሳምቡክ የቀይ ባሕር የእንጨት ጀልባ ነው። ዓሣ ያጠምዱበታል፣ ዕቃ ይጭኑበታል፣ በድሮ ጊዜ ዳህላክ አካባቢ ዕንቁ ይለቅሙበት ነበር። እሱን በርግጥም እዚያው ባሕሩ ዳር፣ ሠሪዎቹ ንድፍ ሳይዘረጉ፣ በዓይናቸው እየለኩ ይሠሩት ነበር። ስንጥቁን በጥጥ ይወትፉታል፣ የዓሣ ዘይት ይቀቡታል። ጋሼ ስለ ሙቀቱም ሲያወሩ አይጠግቡም። ሙቀቱ ሲበረታ ከተማው ሁሉ አልጋውን አውጥቶ ደጅ ይተኛል፤ ሀብታሙ አስመራ ይወጣል። ሥራ የሚጀመረው ጎህ ሳይቀድ ነው። እኩለ ቀን ላይ ብረት የነካ እጁ ይላጣል።

እሳቸው ከምጽዋ የወጡት በየካቲት 1982 ከተማዋ በሻዕቢያ እጅ ስትገባ ነው። ግንቦት 1983 ደግሞ የቀሩት መርከቦች ባሕሩን ተሻግረው የመንና ሳዑዲ ገቡ። «ኢትዮጵያ» የመን ላይ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ይሄን ሲናገሩ ጋሼ ወሬ ይቀይራሉ፣ እኔም አላስጨንቃቸውም።

በሐምሌ 2010 የኤርትራ ስልክ ሲከፈት ሰው የማያውቀውን ቁጥር ሁሉ እየደወለ «ሃሎ አስመራ!» ይል የነበረበትን ሰሞን ታስታውሳላችሁ። ጋሼ ያኔ የድሮ ሰፈራቸውን ሰዎች ያፈላልጉ ነበር። ከሰው ሰው እየተቀባበለ አንድ ቁጥር እኔ ጋ ደረሰ። አስመራ የምትኖር ሴት ናት። የአያቷን ስም ስትጠራልኝ የኔ ቅድመ አያት የዓለም ስም ነው። አባታቸውን ስትጠራ እሱም ያው ነው።

ምጽዋ ላይ ሌላ ቤት ነበራቸው ማለት ነው።

አማርኛዋ ትግርኛ ትግርኛ ይላል፣ ግን ሞቅ ያለ ነው። ስለ መርከብ ሠሪነት ስጠይቃት ምንም አልተሸማቀቀችም። «አያቴ እኮ ቀለም ቀቢ ነበሩ። መርከብ ይፍቁ ነበር፣ ይቀቡ ነበር። እናቴ ሁልጊዜ ልብሳቸው ላይ ስላለው ቀይ ቀለም ነው የምታወራው፤ አጥባው አይለቅም።» የመርከብ ሆድ የሚቀባው የባሕሩን ፍጥረት የሚያባርር ቀለም ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። እሷ ይሄን አታውቅም፤ እኔም ለማስረዳት አልሞከርኩም። ስለ አቃቂ ያውቁ እንደሁ ስጠይቃት ዝም አለች። «ሸዋ ልጆች እንዳሏቸው እናውቃለን» አለች ቀጥላ። «በዓል ሲሆን ይከፉ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር አልሠራ አለ። ሌላ አላገኘሁም።

አክስቴ ይሄን ሁሉ ስነግራት ያስከፋት መፋቁም፣ ጣሊያኑም አልነበረም።

«አንቺ ልጅ፣ ስንት ዓመት የተቀበረውን ምን አስቆፈረሽ?»

«አልቆፈርኩም፣ እናታለም። ደወልኩ እንጂ።»

«አያቴ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ጠላ እየሸጠች ነው እነሱን ያሳደገች። ሌላ ባል ሳታይ። መርዶው መጥቶ ተዝካር ያወጣችው እሷ ናት። አሁን አንቺ የዚያችኛዋን ልጆች ከሷ ልጆች ጎን ልትጽፊ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ግማሹ ንዴቷ ትክክል ነው። ስለ ቅድመ አያቴ ይሄን ያህል ስጽፍ ስለ ቅድመ አያቴ ሚስት የጻፍኩት ስለ ቤቷና ስለ ጠላዋ ብቻ ነው። የሄደ ሰው ማህተም ያለበት ፎቶ ይተዋል፣ ደብዳቤ ይልካል። የቀረ ሰው በየቀኑ ስለሚታይ ማንም አይመዘግበውም። ጠላ ሻጭ የገባችበት የደመወዝ ዝርዝር የለም። የሷ ነገር ያለው የሴቶች ማኅበሯና የእድሯ መዝገብ ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ ለማየት የእድሩን ዳኛ ማግባባት አለብኝ።

የቤተሰቡን ዝርዝር ስሠራ ግን ሁለቱንም ቤት አስገባሁ። የምጽዋዎቹን ልጆች ስም ሁሉ ስለማላውቅ ቦታቸው ባዶ ነው፣ መስመሩ ግን ተሰምሯል። አክስቴ ወረቀቱን አይታ አጠፈችና ሶፋው ትራስ ሥር ሸጎጠችው። አልቀደደችውም።

የእህቴ ልጅ በዚህ መሃል ባሕር ዳር ከተማ የማሪታይም፣ ማለት የመርከብ ሥራ፣ ትምህርት ተምሮ ወጥቷል። በመርከብ ሞተር ክፍል ነው የሚሠራው፤ ኮንትራት ሲያገኝ ይሄዳል። ቢሾፍቱም ባቦጋያ ሐይቅ ላይ እንዲሁ ያሠለጥናሉ። ባሕር የሌላት አገር ልጆች አሁንም ወደ ባሕር ይወጣሉ። የሱ ደመወዝ በዶላር ነው፣ ከየወደቡ ቪዲዮ ይልካል። ባለፈው «መርከባችን መጠገኛ ገብታለች» ብሎ የሆዷን ሥዕል ላከልኝ። ከታች ሰዎች ቆመው በከፍተኛ ግፊት ውሃ ይረጫሉ። መፋቂያ የያዘም አለ። «እነሱ ከየት ናቸው?» ብዬ ጻፍኩለት። «አላውቅም፣ የቀን ሠራተኞች ናቸው» አለኝ። ስማቸውን ጠይቅልኝ አልኩት። ሳቀብኝ።

አሁን የቀረኝ አጎቴ ቤት ያለው ሳጥን ነው። ቅድመ አያቴ ከምጽዋ በፖስታ ቤት ይልኩት የነበረው ገንዘብ ደረሰኝ እዚያ ውስጥ አለ ይባላል። ደረሰኝ ላይ ቀን ይኖራል፣ የብር መጠን ይኖራል። መቼ መላክ እንደጀመሩ፣ መቼ እንደቀነሱ፣ መቼ እንዳቆሙ ይታያል። አክስቴ ለምን እንደምፈልገው ገብቷታል፤ ለዚህ ነው አጎቴን ቀድማ የደወለችለት። እሱ ግን ከፋሲካ በኋላ ነይ ብሎኛል።